ምድርን የወረሱ የዋሃን፤ ከኦኔሲሞስ ነሲብ እስከ ፀሐይ ቶሎሳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በባኮና በአኖ አልፎ ወደ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴም ወደ ቦጂና ወደ ደምቢ ዶሎ የሚዘልቀው መንገድ የሚያገናኛቸው የወለጋ ከተሞች፣ ታሪካቸው በነጋዴና በጦረኛ ስም ብቻ ቢጻፍ ጎደሎ ይሆናል። ከመቶ ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ ውስጥ በእነዚህ ከተሞች ጥቂት ባልና ሚስቶች፣ ጥቂት መምህራንና ጥቂት እስረኞች፣ ሰይፍ ሳያነሡና ወገን ሳያሰልፉ፣ ነገሥታት በዐዋጅ ሊያደርጉት ከሚችሉት የበለጠ ሥራ ሠርተዋል። ይህን ሥራ ያሠራቸውም ከክርስቲያን ምግባራት ሁሉ በሰው ዘንድ እጅግ የተናቀው፣ በትዳርም ውስጥ እጅግ በተሳሳተ መንገድ የሚጠየቀው የየዋህነት ምግባር ነበረ። ታሪኩን ከመነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተል ለማውሳት እንሞክራለን፤ ዓመታቱን የምንቆጥረውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ምግባሩ ጥቂት ማለት ይገባል። በአንቀጸ ብፁዓን ምድርን ይወርሳሉ ተብሎ ተስፋ የተሰጣቸው የዋሃን፣ አቅም አጥተው ዝም ያሉ ሰዎች እንዳይደሉ መጻሕፍት ራሳቸው ይመሰክራሉ። ኦሪት ዘኍልቍ በምድር ላይ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደ ነበረ የሚናገርለት ሙሴ፣ በፈርዖን ፊት ሳይፈራ የቆመው ሙሴ ነው። ራሱን የዋህና በልቡ ትሑት ብሎ የሰበከው ጌታም፣ በቤተ መቅደስ የሚሸጡትንና የሚለውጡትን ያስወጣ እርሱ ነው። ስለዚህ የዋህነት የኃይል ማነስ ሳይሆን ኃይልን ለራስ ክብርና ለበቀል ከማዋል መታቀብ ነው። ስለ ትዳርም የተጻፈው እንዲሁ ነው፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ ሚስቶችን ስለ የዋህና ጸጥተኛ መንፈስ ካስተማረ በኋላ፣ ባሎችንም ሚስቶቻቸውን የሕይወትን ጸጋ አብረው የሚወርሱ አድርገው እንዲያከብሩ ያዝዛል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ሚስት ለባልዋ እንድትገዛ ከማዘዙ በፊት፣ ምእመናን ሁሉ እርስ በርሳቸው እንዲገዙ አዝዟል። ብዙ ሰው ግን ሁለተኛውን ትእዛዝ አጥብቆ ይዞ የፊተኛውን ይዘነጋል። የወለጋ ታሪክ የሚያሳየን ሁለቱ በአንድነት ሲጠበቁ ምን እንደሚሆን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከ1850ዎቹ አጋማሽ በኋላ በኢሉባቦር በሁሩሙ አቅራቢያ በተወለደ ሂካ በሚባል ሕፃን ነው። ሂካ አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፤ ገና ልጅ ሳለም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እጅ ነጥቀው ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ድረስ ወሰዱት። በ1870 በምጽዋ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰጠው። በዚያም ተምሮ በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ከባሪያ የሚበልጥ፣ የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው የለመነለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። ወጣቱ ከዚህ በኋላ በስዊድን አገር በዮሐኔሉንድ ትምህርት ቤት ለ5 ዓመት ተምሮ በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ ይገባል። በልጅነቱ የተሸጠ፣ በባዕድ አገር ተምሮ የበቃ ሰው፣ ተነጥቆ ወደ ተወሰደበት አገር ለመመለስ ቢመኝ፣ ምኞቱ ለበቀል ወይም ለሹመት ቢሆን ማንም አይገረምም ነበር። ኦኔሲሞስ ግን የመረጡት ወገኖቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው ማስተማርን ነው። ምሕረት ኃይሉን አግብተው ብዙ ሳይቆዩ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ተነሡ፤ እስከ ፋማካ ከደረሱ በኋላም መንገዱ ተዘግቶባቸውና በንዳድ ተይዘው በ1882 ወደ ምጽዋ አቅራቢያ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1886 በሸዋ በኩል ቢሞክሩም ፈቃድ አላገኙም። ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ ካሰቡበት ጊዜ ጀምሮ ነቀምቴ እስኪደርሱ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ፤ በዚህም መካከል ምሕረት ዐረፈችና ኦኔሲሞስ ከጊዜ በኋላ ሊዲያ ዲምቦን አገቡ። መንገድ ሲዘጋበት የሚቆጣና ጓደኛውን የሚከስስ ብዙ ነው፤ ኦኔሲሞስ ግን መንገዱ የተዘጋበትን ጊዜ ወደ መጻፍና ወደ መተርጐም መለሱት።

በእምኩሉም በ1886 የኢጣሊያ መርከበኞች ወደ ዓረብ አገር ትወስዳት ከነበረች መርከብ ነጻ ያወጧት አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ገባች። ኦኔሲሞስ አገራቸውን የለቀቁት በልጅነት ስለ ነበረ፣ የቋንቋው ጥልቀት፣ ተረቱና ምሳሌው፣ ዘፈኑና ቅኔው በአስቴር ዘንድ ይገኝ ነበር። እርሷም ወደ 15,000 የሚደርሱ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዜማዎችንም ጻፈች። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1894 የሁለቱ ሥራ የሆነው የንባብ መጽሐፍ፣ በ1899 ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል በኦሮምኛ ታተመ። በዚያ ታላቅ መጽሐፍ ላይ ግን የአስቴር ስም አልተጻፈም። አስቴር በዚህ ምክንያት ከማስተማር አልተለየችም፤ እስከ ሽምግልናዋ በነቀምቴ ኖራ በ1964 ዐርፋለች። ነገር ግን የዋህ ሰው ክብሩን ስላልጠየቀ ክብሩ ለሌላ ይሁን ማለት አይደለም። የየዋህን ድርሻ መጠበቅ የባልንጀራው ግዴታ ነው፤ በቤትም የሚስት ድካም በባል ስም ብቻ ሲጠራ ይኸው ዕዳ ሳይከፈል ይቀራል።

ኦኔሲሞስ ገና ወለጋ ሳይገቡ፣ ሌሎች ባልና ሚስት ቀድመዋቸው ወለጋ ደረሱ። በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከባለቤታቸው ከጉምሽ ወልደ ሚካኤል ጋር ከሐማሴን ወርደው ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ቦጂ ገቡ። ሁለቱም በዚያ አገር እንግዶች ነበሩ፤ ቋንቋው የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። ሆኖም ሊያስተምሩ የመጡት ሰዎች አስቀድመው ተማሪዎች ሆኑ፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ሕዝቡ የሚሰማውን ኦሮምኛ ለስብከታቸው ቋንቋ አደረጉት፤ ጉምሽም በባልዋ ጥላ ሥር ተሸሽጋ ሳትቀር የትምህርቱን ሥራ ተካፈለች። ይህ ሥራ ሳይረዝም በ1905 በቦጂ በተነሣ ቃጠሎ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ሞቱ። የዘሩት ዘር ግን አልተቃጠለም፤ ኋላ እንደምናየው ከዚያው ከቦጂ ምድር ታላቅ ሰው በቅሏልና።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ ሊዲያና አስቴር ነቀምቴ ገቡ። በዚያ ጊዜ የአገሩ ገዢ የነበሩት፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ኩምሳ ሞረዳ በመልካም ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። በዚያ ትምህርት ቤት የነቀምቴ ልጆች አንድ ነገር ከመጻሕፍቱ በፊት አዩ፤ ባል ያስተምራል፣ ሚስትም ታስተምራለች፣ ነጻ የወጣች ሴትም በመምህርነት መዓርግ ትቀመጣለች። የዚያ ዘመን ልማድ ሴትን ከማጀት እንዳትወጣ ያስገድድ በነበረበት አገር፣ ኦኔሲሞስ ባለቤታቸው ከጎናቸው ቆማ ስታስተምር ክብራቸው የጎደለ አልመሰላቸውም። የባል የዋህነት በዚህ ይታወቃል፤ ሚስቱ ከፍ ስትል እርሱ ዝቅ ያለ አይመስለውም።

ሕዝቡ በቋንቋው ሲማር ደስ ቢለውም፣ የአገሩ ካህናት ግን በተቃውሞ ተነሡ። ካህናቱ አዲሱን ትምህርት በጥርጣሬ ያዩ ነበርና ክሱ ወደ አቡነ ማቴዎስ ደረሰ፤ በ1906ም ኦኔሲሞስ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፣ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው ይቀመጡ ዘንድ ፈቀዱ፤ ከእንግዲህ ግን እንዳያስተምሩና እንዳይሰብኩ አዘዙ። እንግዲህ ይህን ሰው እናስብ፤ ወገኖቹን ሊያስተምር ከ20 ዓመት በላይ ጠብቆ፣ ደርሶ 2 ዓመት ብቻ ካስተማረ በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል፣ አፉን ዘግቶ እንዲኖር ተፈረደበት። ስደት ከዚህ ይቀላል፤ ስደተኛ የሚናፍቀውን አያየውምና።

ኦኔሲሞስ ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በጸጥታ ኖሩ። በንጉሡ ላይ ሰው አላሳደሙም፤ ከሳሾቻቸውን የሚጠሉ ወገኖችን አላሰባሰቡም፤ ነቀምቴንም ትተው አልሄዱም። እነዚህ ዐሥር ዓመታት በአደባባይ ታሪክ ውስጥ ባዶ ይመስላሉ፤ ለትዳር ግን ከሌሎቹ ዓመታት ሁሉ የሚከብዱ ነበሩ። ሰው በሥራው ተከብሮ ሳለ ትዳሩን መጠበቅ ቀላል ነው፤ ሥራውን ተነጥቆ በቤቱ ሲቀመጥ፣ በውጭ ያላወጣውን ቍጣ በሚስቱና በልጆቹ ላይ የሚያወርድ ብዙ ነው። የዋህነት በቤት ውስጥ የሚፈተነው በዚህ ነው፤ ከውጭ የተቀበሉትን ግፍ ወደ ቤት አለማስገባት፣ ኃይለኛ ያቈሰለውን ልብ በደካማው ላይ አለመበቀል ነው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ለኦኔሲሞስ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው፤ ያ ሰው ከዐሥር ዓመት ዝምታ በኋላ ሥራውን ቀጠለ፤ ብዙ ሰው ተማረ። በሰኔ 1931 በነቀምቴ ዐረፉ። በባርነት ከተነጠቁበት ምድር ብዙ ሳይርቁ፣ በገዛ ቋንቋቸው ያነበበ ትውልድ ቀበራቸው።

ኦኔሲሞስ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢጣሊያ ወረራ መጣ፤ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንም ከአገር ተባረሩ። በወለጋ ምዕራብ በደምቢ ዶሎ አካባቢ፣ በ1919 ዶክተር ቶማስ ላምቢ የጀመሩት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ ባለቤት አጥቶ እንዳይቀር የታደጉት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ጊዳዳ ሶላና ነበሩ። በ1901 የተወለዱት ጊዳዳ በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው ጠፍቶ በልመና ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ያ የተናቀ ለማኝ ቅዱሱን ቃል በጆሮው ሰምቶ በልቡ አሳድሮ፣ በሰው እጅ እየተመራ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ ሰበከ፤ ኋላም ቄስ ጊዳዳ ተብሎ ከሚሲዮኑ ሥራ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ሆነ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዓይነ ስውሩ ቄስ መንገድ ለመሄድ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይህንንም እንደ ውርደት አልቈጠሩትም። ባልና ሚስትም አንዱ በሌላው መመራት እንዳለበት ሳያፍሩ ሲቀበሉ፣ የትዳር ግማሽ መከራ ይቀልላል።

በ1929 በቦጂ ጉዲና ቱምሳ ተወለዱ። በነጆ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥሎም ነቀምቴ ወደሚገኘው የሚሲዮኑ ሆስፒታል ገብተው በሕክምና ረዳትነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ፀሐይ ቶሎሳንም አገቡ። በ1958 የቅስና ማዕረግ ተቀብለው በነቀምቴ ማገልገል ጀመሩ፤ በጥር 1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ከወጣት አገልጋዮቿ አንዱ ነበሩ። ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ተምረው ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሓፊ ሆነው ተሾሙ።

ቄስ ጉዲና በብርቱነታቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ፤ የዋህነት ከብርታት ጋር ይስማማል ስንል ማስረጃችን እርሳቸው ናቸው። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ወንጌልን በማወጅና ሰውን በማልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ወደ ዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ፣ በእርሳቸው መሪነት የወጣ ነበር። በዚያም ደብዳቤ፣ ገንዘብ የሚሰጡ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለሰው ሥጋ ልማት እየሰጡ ለነፍሱ የሚሆነውን ችላ ማለታቸው ስሕተት መሆኑ ተነገራቸው፤ ሰው ሥጋውና ነፍሱ ሳይከፈል መገልገል አለበት የሚለው ትምህርትም ጸንቶ ቆመ። የሚረዳውን ሰው በአክብሮት ሳይፈሩ መውቀስ ከተቀባይ የሚወጣ ከባድ ነገር ነው፤ ደብዳቤው ግን ልመናም ስድብም አልነበረበትም።

በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ ቤተ ክርስቲያንም በመከራ ውስጥ ገባች። ቄስ ጉዲና ደጋግመው ታሰሩ። በታሰሩና በተፈቱ መካከል ወዳጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ መንገድ አዘጋጁላቸው፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ሊረዷቸው ዝግጁ ነበሩ። እርሳቸው ግን መንጋቸውን በመከራ ጊዜ ትተው መሄድ እንደማይችሉ ተናግረው ቀሩ። በዚህ ውሳኔ ላይ ከአንድ በላይ ሕይወት እንደ ነበረ ታሪክ አንባቢ ሁሉ ሊያስተውል ይገባል፤ የባልን የመቆየት ዋጋ የምትከፍለው ሚስት ነበረችና። እርሻ የሚያርሱ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ አንዱ ቀድሞ ቢጎትት ትልሙ ይጣመማል፤ ፀሐይና ጉዲናም ሲጓዙ ትልሙን ቀጥ አድርጎ ያስኬደው ሁለቱም አንገታቸውን ለአንድ ጌታ መስጠታቸው ነበረ።

በሐምሌ 28 ቀን 1979፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓመተ ምሕረት፣ ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ በዑራኤል ከነበረው ጉባኤ ሰብከው ሲወጡ፣ ከባለቤታቸው ጋር በመንግሥት ሰዎች ታፈኑ። ፀሐይን ወስደው በሌላ ስፍራ ለቀቋት፤ ቄስ ጉዲና ግን ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም ለዘመናት የት እንዳለ ሳይታወቅ ቀረ። ፀሐይም ዋይ ዋይ ብላ ባልዋን ለመቅበር እንኳ አልታደለችም። በየካቲት 1980 እርሷም ተይዛ ታሰረች፤ በጽኑ ተገረፈች፤ ያለ ፍርድም ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር ቤት ኖራ በ1989 ተፈታች። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1992 የባልዋ አፅም ተገኝቶ በአዲስ አበባ በክብር ተቀበረ። ፀሐይ ቶሎሳ እስከ 2014 ኖራ ዐረፈች፤ ብዙዎች እናት ብለው ይጠሯት ነበር።

ይህች ሴት በእስር ቤት ያሳየችው ጽናት የዝምተኛ ሚስት ጽናት አይደለም፤ ክብርዋን አላጣችም፤ የምታውቀውን ለሌላ እስረኛ አካፈለች፤ ከወጣችም በኋላ የደረሰባትን ሳትፈራ ተናገረች፤ የሕይወትዋም ታሪክ በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ አገር ተነበበ። ሰዎች የዋህ ሚስት ሲሉ የማትናገር ሴት ይመስላቸዋል፤ የወለጋዋ ፀሐይ ግን ግፍን በስሙ እየጠራች የዋህ ነበረች። የተበደለ ሰው እውነቱን መናገሩ ከየዋህነት አያስወጣውም፤ ከየዋህነት የሚያስወጣው በበደሉት ላይ በዚያው መጠን ክፉ መሆን ነው።

ከኦኔሲሞስና ከሊዲያ እስከ ጉዲናና ፀሐይ ያለውን ይህን ታሪክ አጠቃለን ስናይ፣ በትዳር ውስጥ ስለ የዋህነት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የተጣመመ መሆኑ ይገለጣል። ሚስት በባልዋ ስትደበደብ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስቀምጠዋት የዋህ ሁኚ፣ ቻዪው ሲሏት፣ የሚመክሯት በምግባር ስም ባሏ ያፈረሰውን ምግባር እርሷ እንድትሸከምለት ነው። ሐዋርያት የዋህነትን ለሁለቱም ያዘዙት፣ ኃይል ያለው ኃይሉን እንዲገታ፣ የተበደለም በበቀል እንዳይበላሽ ነው። በቤቱ የሚቈጣ፣ እጁን የሚያነሣ፣ የሚስቱን ድካም በራሱ ስም የሚጠራ፣ እርሷ ብትማር የሚከፋ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቢዘምርም ቢቀድስም፣ የዋህነትን ገና አልጀመረውም። መጀመር የሚችለው ግን ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይታሰር፣ ዛሬ በቤቱ ነው፤ ሚስቱ ስትናገር ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ከበደላትም በልጆቿ ፊት ይቅርታ ጠይቆ፣ ሥራዋን በስሟ ጠርቶ።

የዋሃን ምድርን ይወርሳሉ የተባለው ተስፋ በወለጋ ያለ ምሥክር አልቀረም። ኦኔሲሞስ ከአገር እንዲወጡ የፈረዱባቸው ኃያላን ሁሉ አልፈዋል፤ የጉዲናን ቤት ያፈረሰው ሥልጣንም አልፏል፤ ኦኔሲሞስ እንዳያስተምሩበት የተከለከሉበት ኦሮምኛ ግን ዛሬ በጉባኤ ይዘመርበታል፤ በጥር 1959 ወደ 20,000 የሚጠጋ ምእመን የነበራት ቤተ ክርስቲያንም በራሷ ቍጥር ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆናለች። ይህን ያወረሳቸው ብዙ ትእዛዝና ብዙ ጩኸት አይደለም። አንድ ጌታ ያላቸው ባልና ሚስት፣ አንዱ በሌላው ላይ ጌታ ለመሆን ስላልፈለጉ፣ ሌላ ጌታ ሊያስጎነብሳቸው ሲመጣ አንገታቸውን አልደፉለትም።